ኳንተምን የወለደው ሙቀት ነው

(ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ታዳሚ በተዘጋጀ የሳይንስ ምሽት ላይ ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ ላይ አስተካክዬዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

በኮሮና ጊዜ ባንክ ለመግባት ስንሰለፍ ግንባራችን ላይ ይደገን የነበረውን ቴርሞሜትር ሁላችሁም ታስታውሱታላችሁ። ሳይነካን ሙቀታችንን ይናገራል። እንዴት ነው የሚያውቀው? ሙቀት ያለው ነገር ሁሉ ጨረር ይለቃል። ሰውም ይለቃል። የእኛ ጨረር ኢንፍራሬድ ስለሆነ በዓይን አይታይም፤ መሣሪያው ግን ይቀበለዋል። የተቀበለውንም ወደ ዲግሪ ይለውጠዋል። ይህን የሚያደርግበት ሕግ የተገኘው በ1900 በርሊን ውስጥ ነው። ኳንተም ፊዚክስም የተወለደው ከዚያው ቀመር ነው።

ኳንተም መካኒክስ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የምትለን ሞታም በሕይወትም ያለችው ድመት ናት። ቴርሞዳይናሚክስ፣ ማለትም የሙቀት ሳይንስ፣ ሲባል ደግሞ የእንፋሎት ባቡር፣ ሞተር፣ ፍሪጅ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥም ሁለቱ ለየብቻ ነው የሚሰጡት። መምህሩ ሌላ፣ መጽሐፉ ሌላ፣ ፈተናው ሌላ። ይህ አከፋፈል ተማሪውን ይጎዳዋል ባይ ነኝ። ኳንተም ከሰማይ ዱብ ያለ እንግዳ ሐሳብ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ኳንተም የመጣው የሙቀትን ሕጎች አጥብቆ ከያዘ አንድ ሰው ነው። ሕጎቹን ላለመልቀቅ ሲል ሌላውን ሁሉ የለቀቀ ሰው።

ነገሩ የሚጀምረው ከመብራት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ የጋዝ መብራትና የኤሌክትሪክ አምፖል ገበያ ላይ ይፎካከሩ ነበር። የትኛው የበለጠ ብርሃን እንደሚሰጥ ለመለየት ደግሞ ሁሉም የሚስማማበት መለኪያ ያስፈልጋል። ጀርመን በ1887 በርሊን ጥግ፣ ሻርሎተንቡርግ ላይ፣ የልኬት ብሔራዊ ተቋም አቋቋመች። መሬቱን የሰጠው የኢንዱስትሪ ባለሀብቱ ቬርነር ፎን ሲመንስ ነበር። እዚያ የነበሩት ሰዎች ሥራ ሙቀትና ብርሃንን በጥንቃቄ መለካት ነው።

ብረት ሲግል አይታችኋል። መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ብርቱካናማ ይሆናል፣ ቢጫ ይሆናል፣ በጣም ሲግል ወደ ነጭ ይሄዳል። የሚገርመው ነገር ቀለሙን የሚወስነው በዋናነት የሙቀቱ መጠን መሆኑ ነው። ጉስታቭ ኪርሆፍ በ1859 እና በ1860 ይህን አጥርቶ አሳየ። ውስጡ ባዶ የሆነ ዕቃ አግሉና ትንሽ ቀዳዳ ብሱበት። ከቀዳዳው የሚወጣው ጨረር ዕቃው ከምን እንደተሠራ ምንም አይነግራችሁም። የሚናገረው ስለ ሙቀቱ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲገኝ የፊዚክስ ሰው እንቅልፍ አይወስደውም። ከቁሱ ነፃ የሆነ ሕግ አለ ማለት ነውና። ግን ሕጉ ምንድን ነው?

የሻርሎተንቡርግ ሰዎች ይህን ዕቃ በእጃቸው ሠሩት። ውስጡ ባዶ የሆነ ሲሊንደር በኤሌክትሪክ ያግሉና ከቀዳዳው የሚወጣውን ጨረር በየሞገድ ርዝመቱ ለይተው ይለኩታል። ቪልሄልም ቪን በ1896 አንድ ቀመር አቅርቦ ነበር። ለአጭር ሞገድ ቁጭ ብሎ ይገጥማል። ማክስ ፕላንክም ቀመሩን በቴርሞዳይናሚክስ ያረጋገጠው መስሎት ነበር።

ፕላንክን ትንሽ ልንገራችሁ። የዶክትሬት ጽሑፉን በ1879 የሠራው በሁለተኛው የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ ላይ ነው። ይህ ሕግ ሙቀት በራሱ ከቀዝቃዛ ወደ ሙቅ እንደማይሄድ፣ የተዘጋ ነገር ኢንትሮፒም፣ ማለትም የኢነርጂው መበታተን መለኪያ፣ እንደማይቀንስ ይናገራል። ለፕላንክ ሕጉ ፍጹም ነበር። የቪየናው ሉድቪግ ቦልትስማን ደግሞ አይ ይላል። ኢንትሮፒ የቁጥር ጉዳይ ነው፤ አቶሞች ከውጭ ሳይታወቅ በስንት ዓይነት ሊደረደሩ እንደሚችሉ የሚቆጥር ነው፤ መቀነሱም የማይቻል ሳይሆን እጅግ የማይመስል ነገር ነው ይላል። ይህ ለፕላንክ አልተዋጠለትም። ረዳቱ የነበረው ኤርንስት ዜርሜሎ በ1896 ቦልትስማንን በጽሑፍ ተቃውሞታል። ይህን አትርሱት፤ እንመለስበታለን።

ኦክቶበር 7 ቀን 1900፣ እሑድ ነው። ሃይንሪሽ ሩበንስ ከባለቤቱ ጋር ወደ ፕላንክ ቤት ይመጣል። ሩበንስ ከፈርዲናንድ ኩርልባውም ጋር ሆኖ በጣም ረጅም የሆኑትን ሞገዶች ሲለካ ነበር። ወሬውን ነገረው። በረጅም ሞገድ ላይ የቪን ቀመር አይሠራም፤ እዚያ የጨረሩ መጠን ከሙቀቱ ጋር በቀጥታ ያድጋል። እንግዶቹ ሄዱ። ፕላንክ ያንኑ ምሽት ተቀመጠና አዲስ ቀመር አወጣ። በፖስታ ካርድ ጽፎም ለሩበንስ ላከለት።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ምን እንደሠራ እንይ። ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ፕላንክ ዓይኑን የጣለው በኢነርጂው ላይ ሳይሆን በኢንትሮፒው ላይ ነው። ኢንትሮፒ ከኢነርጂ ጋር ሲያድግ መስመሩ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ይጎብጣል። ያንን ጉብጠት የሚናገር አንድ መጠን ነበረው። ቪን ትክክል በሆነበት በአጭር ሞገድ በኩል መጠኑ ከኢነርጂው ጋር እኩል ያድጋል። ሩበንስ በለካው በረጅም ሞገድ በኩል ደግሞ ከኢነርጂው ካሬ ጋር ያድጋል። ፕላንክ ሁለቱን ደመራቸው። በቃ። ከዚያ ድምር ወደ ኋላ ሲሠራ የጨረሩ ቀመር ወጣ። ኦክቶበር 19 በጀርመን ፊዚክስ ማኅበር ፊት አቀረበው። በማግሥቱ ጠዋት ሩበንስ መጥቶ ከልኬቴ ጋር አስተያየሁት፣ በሁሉም ቦታ ገጥሟል አለው።

ቀመሩ ገጠመ፤ ግን ለምን እንደሚገጥም ማንም አያውቅም። ፕላንክ በቀጣዮቹ ሳምንታት ምክንያቱን ሲፈልግ ሌላ መንገድ ስላጣ ወደ ተቃወመው ሰው ዘንድ ሄደ። ወደ ቦልትስማን ቆጠራ። ቆጠራ ደግሞ የሚቆጠር ነገር ይፈልጋል። ስለዚህ ኢነርጂውን በእኩል ቁራጮች ከፋፈለው። ቁራጮቹን በስንት መንገድ ማከፋፈል እንደሚቻል ቆጠረ። ኢንትሮፒውን አወጣ። ቀመሩ እንዲገጥም ግን እያንዳንዱ ቁራጭ ከሞገዱ ድግግሞሽ ጋር ተመጣጣኝ መሆን ነበረበት። ቁራጩን አሳንሶ ወደ ዜሮ ማድረስም አይቻልም፤ ያኔ ቀመሩ ይፈርሳል። ይህን ዲሴምበር 14 ቀን አቀረበ። ኳንተም ማለት ያ ቁራጭ ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1931፣ ፕላንክ ለአሜሪካዊው ፊዚሲስት ለሮበርት ዉድ ደብዳቤ ጻፈ። ያደረገውን የተስፋ መቁረጥ ድርጊት ሲል ገለጸው። ሁለቱ የቴርሞዳይናሚክስ ሕጎች፣ ኢነርጂ አይጠፋም የሚለውና ሁለተኛው ሕግ፣ በማንኛውም ሁኔታ መጠበቅ እንዳለባቸው፣ ከእነሱ ውጪ ግን ስለ ፊዚክስ ያመነውን ሁሉ ለመሠዋት ዝግጁ እንደነበር ተናገረ። ይህን ደብዳቤ ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል። ብዙ መጻሕፍት ፕላንክ የተነሳው አልትራቫዮሌት ላይ የተፈጠረውን ቀውስ (የድሮው ፊዚክስ ለአጭር ሞገድ ወሰን የሌለው ጨረር መተንበዩን) ለመፍታት እንደሆነ ይጽፋሉ። አይደለም። ያ ስም ራሱ የወጣው በ1911 ነው፤ ያወጣውም ፓውል ኤረንፌስት ነው። ፕላንክን ያንገበገበው ኢንትሮፒ ነበር።

ቁራጩ ምን እንደሚሠራ በገንዘብ ላስረዳ። ኪሳችሁ ውስጥ 10 ብር አለ እንበል። ሱቁ ውስጥ ዕቃው በሙሉ 1 ብር ከሆነ እንደ ልባችሁ ትገዛላችሁ። ትንሹ ዕቃ 100 ብር ከሆነ ግን ምንም አትገዙም፤ ግማሽ ዕቃ አይሸጥማ። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ብር የሙቀቱ ኢነርጂ ነው፤ የቦልትስማን ቋሚ በሙቀቱ መጠን ተባዝቶ ይገኛል። የዕቃው ዋጋ ደግሞ ቁራጩ ነው፤ የፕላንክ ቋሚ በድግግሞሹ ተባዝቶ ይገኛል። ዋናው ነገር የሁለቱ ጥምርታ ነው። ዛሬ ከምናገረው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ጥምርታ ያዙልኝ። ከላይ ኳንተም አለ፤ ከታች ሙቀት አለ።

በዚህ ክፍል ሙቀት፣ ለዓይን ለሚታይ ብርሃን፣ ጥምርታው ወደ 80 ገደማ ነው። ዋጋው ከኪሳችን 80 እጥፍ ነው ማለት ነው። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ እርስ በርሳችን አንታይም። ለኢንፍራሬድ ግን ዋጋው ይቀንሳል፤ በእሱ እናበራለን።

ሌላም ነገር አለ። የቦልትስማን ቋሚ የሚባለውን ቁጥር መጀመሪያ ያሰላው ቦልትስማን ሳይሆን ፕላንክ ነው፤ ከዚሁ የጨረር ልኬት። በቪየና የቦልትስማን መቃብር ላይ የተቀረጸው ታዋቂ ቀመርም በዚያ መልክ የተጻፈው በፕላንክ ነው። ፕላንክ ከዚያው ልኬት ተነስቶ የኤሌክትሮንን ቻርጅ ሳይቀር አሰላ። ከዛሬው ቁጥር የሚለየው ከ3 በመቶ ባነሰ ነው። የጋለ ዕቃ ቀዳዳ ላይ ተቀምጦ ኤሌክትሮንን መመዘን! ከዚህ የበለጠ የሁለቱን ሳይንሶች ዝምድና የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

አልበርት አንስታይንም የገባው በዚሁ በር ነው። በ1905 ብርሃን በቅንጣት መልክ ነው የሚጓዘው ሲል መነሻው የጨረርን ኢንትሮፒ ከጋዝ ኢንትሮፒ ጋር ማነጻጸር ነበር። እኔ ግን ይበልጥ የምወደው የ1907ቱን ሥራ ነው፤ ስለ አልማዝ ያለውን።

ከ1819 ጀምሮ የታወቀ ሕግ ነበር። የአንድ ሞል (የተወሰነ የአቶም ብዛት) መዳብ፣ ብር ወይም እርሳስ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ከፍ እንዲል 25 ጁል ገደማ ይፈልጋል። ለብዙ ጠጣር ነገሮች ይሠራል። አልማዝ ግን እምቢ አለ። በክፍል ሙቀት የሚፈልገው 6 ጁል ገደማ ብቻ ነው። በጣም ሲግል ደግሞ ወደ ሕጉ ይጠጋል። የዙሪክ መምህሩ ሃይንሪሽ ቬበር በ1870ዎቹ ይህን በዝርዝር ለክቶት ነበር። አንስታይን ምክንያቱን ሰጠ። በአልማዝ ውስጥ የካርቦን አቶሞች ቀላልና እርስ በርሳቸው በጣም የተጣበቁ ናቸው። ስለዚህ በፍጥነት ይርገበገባሉ፤ ቁራጫቸውም ውድ ነው። በክፍል ሙቀት ያ ጥምርታ 4 ገደማ ይሆናል። አብዛኞቹ አቶሞች ሙቀቱን መቀበል አቅቷቸው ቁጭ ብለዋል። ያው የ10 ብሩ ነገር ነው።

እስከዚያ ድረስ ኳንተም የጨረር ጉዳይ ብቻ ነበር። አልማዝ ግን በእጅ የሚያዝ ድንጋይ ነው። ይህ ነገር በርሊን ውስጥ ቫልተር ኔርንስት ጆሮ ገባ። ኔርንስት ቀደም ብሎ የቴርሞዳይናሚክስ ሦስተኛ ሕግ የሆነውን ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ሙቀት ወደ ፍጹም ዜሮ ሲጠጋ የኢንትሮፒ ለውጥ ይጠፋል የሚለውን። እሱን ለማረጋገጥ ነገሮችን በጣም አቀዝቅዞ ይለካ ነበር። ልኬቱ የአንስታይንን ትንበያ ደገፈ። በ1910 ዙሪክ ድረስ ሄዶ አንስታይንን አገኘው። በ1911 ደግሞ በኤርነስት ሶልቬይ ገንዘብ የዘመኑን ታላላቅ ፊዚሲስቶች ብራስልስ ላይ ሰበሰበ። ኳንተም የጥቂት ሰዎች ነገር መሆኑ ያበቃው እዚያ ነው። ሰብሳቢው የሙቀት ሰው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሃምሳ ዓመት ልዝለለው። በ1920ዎቹ ኳንተም መካኒክስ ሙሉ ቅርጽ ያዘ፤ ሁለቱ ኮርሶችም ተለያዩ። በ1959 ግን ቤል ላብራቶሪ ውስጥ ሁለት ሰዎች፣ ስኮቪልና ሹልትዝ-ዱ ቧ፣ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጡ። የሌዘር ታላቅ ወንድም የሆነው ሜዘር የሙቀት ሞተር ነው አሉ። ሦስት የኢነርጂ ደረጃ ያለው አቶም አለ። ሙቁ ምንጭ ከታች ወደ ላይኛው ደረጃ ያወጣዋል። ቀዝቃዛው ወደ መካከለኛው ያወርደዋል። ከመካከለኛው ወደ ታች ሲወርድ የሚለቀው ማይክሮዌቭ የሞተሩ ሥራ ነው። ብቃቱን ሲያሰሉት የሁለት ድግግሞሾች ጥምርታ ሆኖ አገኙት። ጣሪያውም ሳዲ ካርኖ በ1824 ለእንፋሎት ሞተር ያስቀመጠው ጣሪያ ራሱ ነው። አንዲት አቶም ናት፤ ግን የእንፋሎት ሞተሩን ሕግ ታከብራለች።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልግባ። የኳንተም መካኒክስ እኩልታ ወደፊትም ወደኋላም እኩል ይሄዳል። ምንም መረጃ አይጠፋበትም። ጆን ፎን ኖይማን ባበጀው መለኪያ መሠረት፣ ከውጭ ፈጽሞ የተለየና ሁኔታው በሙሉ የታወቀ የኳንተም ሥርዓት ኢንትሮፒው ዜሮ ነው፤ ሁልጊዜም ዜሮ ሆኖ ይቀራል። ታዲያ ሲኒ ውስጥ ያለው ቡና እንዴት ይቀዘቅዛል? ኢንትሮፒ ይጨምራል የሚለው ሕግ ከየት መጣ?

በ2016 ሃርቫርድ ላይ የማርከስ ግራይነር ቡድን ይህን በስድስት አቶም ጠየቀ። የሩቢዲየም አቶሞች ናቸው። በሌዘር ብርሃን በተሠራ መደርደሪያ ላይ በየቦታው አንድ አንድ ሆነው ተቀመጡ። ከዚያ መንቀሳቀስና መነካካት እንዲችሉ ለቀቋቸው። ቡድኑ የዚህን ሥርዓት ሁለት ቅጂ ጎን ለጎን አዘጋጅቶ እርስ በርስ በማስተያየት ኢንትሮፒን መለካት ችሏል። ውጤቱ እንዲህ ነው። ስድስቱን አንድ ላይ ስታዩአቸው ኢንትሮፒያቸው አልጨመረም። ከስድስቱ አንዱን ቦታ ብቻ ለይታችሁ ስታዩ ግን ኢንትሮፒው በጥቂት ሚሊ ሰከንዶች ውስጥ ወጣና ረጋ። የረጋበትም መጠን ቴርሞዳይናሚክስ የሚተነብየው መጠን ነው።

ታዲያ ያ ኢንትሮፒ ምንድን ነው? የኳንተም ቁርኝት ነው። ያ አንድ ቦታ ከሌሎቹ አምስት ጋር ተቆራኝቷል። ስለ እሱ ያለው መረጃ አልጠፋም፤ በመካከላቸው ተሰራጭቷል። አንዱን ብቻ ለሚያይ ሰው ግን የሞቀ ነገር ነው። እኔ ይህን ሙከራ በዘመናችን ካሉ ውብ ሙከራዎች አንዱ አድርጌ ነው የማየው። ሥርዓቱ እንዲሞቅ ከውጭ የሚያሞቀው አላስፈለገም። የራሱ ክፍሎች ለራሳቸው አካባቢ ሆኑ።

ሁሉም ግን እንዲህ አይሞቅም። በ2006 ፔንስልቬንያ ውስጥ የዴቪድ ዋይስ ቡድን የሩቢዲየም አቶሞችን በቀጭን መስመር ላይ አድርጎ እርስ በርስ አጋጫቸው። በሺዎች ጊዜ ተጋጩ። ሙቀት ወዳለው ሚዛን አልደረሱም። እንቅስቃሴያቸው በአንድ መስመር ብቻ ስለተወሰነ የመጀመሪያ ሁኔታቸውን ይዘው ቀሩ። የትኛው ሥርዓት ይሞቃል፣ የትኛው አይሞቅም የሚለው እስከ ዛሬ ብዙ ሰው የሚሠራበት ጥያቄ ነው።

በየጊዜው ደግሞ ኳንተም ሁለተኛውን ሕግ ጣሰ የሚል ርዕስ ታያላችሁ። እባካችሁ ቶሎ አትመኑ። በ2019 የብራዚል ተመራማሪዎች በክሎሮፎርም ሞለኪውል ውስጥ ያሉ የካርቦንና የሃይድሮጅን ኒውክሊየሶችን ተጠቅመው ሙቀት ከቀዝቃዛው ወደ ሙቁ ሲሄድ አሳይተዋል። እውነት ነው፤ ሄዷል። ግን ሁለቱ አስቀድሞ እንዲዛመዱ ተደርገው ነበር። ሙቀቱ ወደ ላይ ሲሄድ ያ ዝምድና እየተበላ አለቀ። ፍሪጅ ኤሌክትሪክ እንደሚበላ ይኸኛው ዝምድናን በላ። ሂሳቡ ሲደመር ሕጉ አልተነካም። የተለወጠው በሂሳቡ ውስጥ የሚገባው ነገር ነው፤ ለካርኖ ያልታየው ቁርኝት አሁን በመዝገቡ ላይ ሰፍሯል።

በመጨረሻ ወደ ኳንተም ኮምፒውተር ልምጣ፤ ጥምርታውን በተግባር የምታዩት እዚያ ነው። በሱፐርኮንዳክተር (ኤሌክትሪክን ያለ መቋቋም በሚያስተላልፍ ቁስ) የሚሠሩት ኩቢቶች፣ ማለትም የኳንተም ኮምፒውተር ቢቶች፣ 5 ጊጋኸርትዝ አካባቢ ባለ ድግግሞሽ ይሠራሉ። ዋጋውና ኪሱ እኩል የሚሆኑት፣ ጥምርታችንም 1 የሚሆነው፣ በ0.24 ኬልቪን ነው፤ ከፍጹም ዜሮ ሩብ ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ብሎ። ከዚያ በላይ ከሞቀ ሙቀቱ ራሱ ኩቢቱን ከዜሮ ወደ አንድ፣ ከአንድ ወደ ዜሮ ይገለባብጠዋል። ስለዚህ እስከ 0.02 ኬልቪን ገደማ ያቀዘቅዙታል። በምስል የምታዩት ያ እንደ ትልቅ ጌጥ የተንጠለጠለ ወርቃማ ነገር በአብዛኛው ኮምፒውተሩ አይደለም፤ ፍሪጁ ነው።

ቅዝቃዜው ብቻውን ግን አይበቃም። ኩቢት ይሳሳታል፤ ስህተቱ መታረም አለበት። ለማረም ረዳት ኩቢቶች ስህተቱን ይቀበላሉ፣ ይለካሉ፣ ከዚያ ተጠርገው እንደገና ለሥራ ይዘጋጃሉ። ይህ ደግሞ ኢንትሮፒን ሳያቋርጡ ወደ ውጭ ማውጣት ነው። ሮልፍ ላንዳወር በ1961 አንድ ቢት መረጃ መደምሰስ የማይቀር የሙቀት ዋጋ እንዳለው አሳይቷል። በክፍል ሙቀት ሲሰላ ወደ 3 × 10⁻²¹ ጁል ነው። በ2012 ሊዮን ላይ በሙከራ ተረጋግጧል። ይህ ዋጋ ራሱ እጅግ ትንሽ ነው። መሐንዲሶቹን የሚያስጨንቃቸው በሽቦዎቹና በማጉያዎቹ በኩል የሚገባው ሙቀት ነው። በ0.02 ኬልቪን ላይ ፍሪጁ ሊያወጣ የሚችለው ሙቀት በማይክሮዋት ነው የሚቆጠረው። ኩቢቶቹ ከመቶ ወደ ሺህ፣ ከሺህ ወደ ሚሊዮን ሲጨምሩ ያንን በጀት እንዴት እንደሚያብቃቁት ገና መልስ አላገኙለትም።

እዚህ ላይ ላቁም። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከኋላ ካሉት እንጀምር።